ደህና ነሽ የሚል ወረቀት

እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ሦስት ወረቀት ነው። ሦስቱም ማኅተም አላቸው። አንደኛውማ ሁለት ቦታ ነው የተመታው፤ የመጀመሪያው ደብዝዞባቸው ደገሙት። ሸማ ተራ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ደህና መሆኗ በጽሑፍ የተረጋገጠላት ሴት ካለች ትምጣና ወረቀታችንን እናስተያይ።

ይህን የማወራው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ያዘነልኝ ሰው ሁሉ ሳይውል ሳያድር አንድ ነገር ሲጠይቀኝ ነው የኖርኩት። የማወራው ሌላ ሰው ቀድሞኝ ስላወራውና አጣሞ ስላወራው ነው። ስም አልጠራም፤ ስም መጥራት ልማዴ አይደለም። የባሌ ታላቅ እህት ናት፣ ከእኔ ሱቅ ሁለት በር አልፎ ነጠላ የምትሸጠው፣ ሙሉነሽ የምትባለው።

ነገሩ የጀመረው በብርድ ነው። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ፣ መርካቶ ሰዉ እየተጋፋ ላቡን ሲጠርግ፣ እኔ ሁለት ጋቢ ደርቤ ሱቄ ውስጥ እንቀጠቀጥ ነበር። የጋቢ ነጋዴ ጋቢ ቢደርብ ማን ይፈርድበታል ብዬ ዝም አልኩ። እንዲያውም አንዱ ገዢ መደርደሪያውን ሁሉ ትቶ ከላዬ ላይ ያለውን ወደደው። አውልቄ ሸጥኩለት። «እንዴት ይሞቃል» እያለ ሄደ። ሙቀቱ የእኔ ነበር፤ ያለችኝን እሷኑ ይዞብኝ ሄደ።

ከዚያ እንቅልፍ መጣ። ሰው የሚያውቀው ዓይነት እንቅልፍ አይደለም። ነጠላ እያጠፍኩ ሦስተኛው እጥፋት ላይ ስደርስ ይወስደኛል። አንዲት የሙሽራ እናት ገብታ ከተደረደረው ጋቢ ወፈር ያለውን መርጣ ልትስብ ስትል እኔን ሳበችኝ። ሁለታችንም ጮኽን። እሷ ሳትገዛ ወጣች፤ እኔ ተመልሼ ተኛሁ።

ድምፄም ወፈረ። ስልክ አንስቼ «ሃሎ» ስል ደንበኞቼ «ጋሼ፣ እስቲ እትዬን ያገናኙኝ» ይሉኛል። መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ግን «ቆይ ልጥራት» እያልኩ ትንሽ ቆይቼ በቀጭን ድምፅ መመለስ ጀመርኩ። ዋጋ ላይ የሚያስቸግር ሲመጣ ደግሞ እንደገና ጋሼን አቀርባለሁ። ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በስልክ ግን ሱቁን አብረን እንሠራ ነበር ማለት ይቻላል።

ሳልበላ እወፍራለሁ። ሆዴ ደግሞ የገባውን አላስወጣም ብሎ እንደ ጉምሩክ ያዘው። የዚህን ዝርዝር ለሐኪም ብቻ ነው የምናገረው ብዬ ነበር፤ ለሐኪምም አልተናገርኩም።

ፀጉሬ የግሌ ጉዳይ ነው። ግን ከጀመርኩ አይቀር፣ በየጠዋቱ ማበጠሪያዬ ከእኔ የበለጠ ፀጉር ነበረው። ሻሼን አጥብቄ አስሬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ምክንያቱ ሙሉነሽ ናት። በሠርጌ ቀን የእሷ ሹሩባ ወገቧ ላይ ይደርስ ነበር፤ የእኔን በሁለት ጣቷ አንስታ «ይህችን ለማምጣት ነው እንዴ ይህን ሁሉ መንገድ የሄድነው» ያለች ሴት ናት። አርባ ዓመት አለፈ። ሰዎች ረስተውታል። እኔ አልረሳሁም። በሁለት ዓመት ስለምትበልጠኝ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ እትዬ እያልኩ፣ አንቱ እያልኩ ኖሬያለሁ። ፀጉሬ መርገፉን እሷ ከምታውቅ አንገቴ አብሮ ቢረግፍ ይሻለኝ ነበር።

እሷም በበኩሏ ተለዋውጣ ነበር። በየካቲት ፀሐይ ከዱባይ የመጣላትን ሹራብ ደርባ ትቀመጣለች፤ ልታሳየን ነው አልኩ። ፊቷ ነፋ ብሏል፤ ኩራት ነው አልኩ። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ታስራለች፤ አሁን ደግሞ ይህ ፋሽን ሆነ አልኩ። ሰው የሚጠላውን ሰው አጥርቶ ያያል የሚሉት ውሸት ነው።

ሱቁ የባሌ አባት ሱቅ ነበር። ባሌ ሲሞት እኔ ቀጠልኩበት። ሙሉነሽ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለልጇ ሚስት ስታስብበት ኖራለች። የእኔ እንቅልፍ ሲመጣ እሷ ነቃች። ሰው እየጠራች በሬ ላይ አቁማ «እዩዋት» ትል ጀመር። አንድ ቀን ዓይኔን ስገልጥ አራት ሰው ቆሞ ያየኛል። አንዱ ጭራሽ ልጄም አይቶ ይማር ብሎ ልጁን ይዞ መጥቷል።

በጥር ወር ጉዳዩን ሐጂ ይማም ዘንድ አቀረበችው። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ከሱቄ ፊት ለፊት ጋቢና ቡሉኮ ይሸጣሉ። የተራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጣላ የሚዳኘው እሳቸው ሱቅ ውስጥ፣ ቡሉኮ ክምር ላይ ተቀምጦ ነው።

«ሐጂ፣ ይህች ሴት ሰንፋለች» አለች ሙሉነሽ። «የአባቴን ሱቅ መኝታ ቤት አደረገችው።»

«አሟት ይሆናላ» አሉ ሐጂ።

«ካመማት ትታከም፣ ማን ከለከላት። ወረቀት ታምጣ። ታማ ከሆነ እኔ ራሴ አስታምማታለሁ። ካልታመመች ግን ስንፍና ነው፤ ስንፍና ደግሞ ክኒን የለውም። ሱቁን ለልጄ ሚስት ትልቀቅ።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ትስማሚያለሽ፣ እህቴ?»

ተስማማሁ። በሕይወቴ እንደ መታመሜ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር አልነበረም። የፋሲካ ገበያ ሳይጀምር ወረቀት እንዳመጣ ተቆረጠ። እንግዲህ የሚያስፈልገኝ አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ በሽታ። ያውም የሚድን በሽታ። የማይድን ከሆነ ሱቁ ያው ለእሷ ነው፤ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ዛሬውኑ ለእሷ ነው።

የመጀመሪያው ክሊኒክ የሄድኩት በማግሥቱ ነው። ነርሷ ቅጽ ይዛ ትጠይቀኛለች።

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

«ቫይታሚን? የባህል መድኃኒት?»

«ምንም።»

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ ዋሸች እንዳትሉኝ። መርካቶ ያደገ ሰው ለሚጠይቀው ሁሉ ያለውን አይዘረዝርም። ይህን ጋቢ ከየት አመጣሽው ካሉኝ መልሴ «ከእግዜር» ነው። ነጋዴ ምንጩን አይናገርም። እኔ ሸማኔዬን ሃያ ሁለት ዓመት ደብቄ ኖሬያለሁ። ሙሉነሽ ልታገኘው ያላደረገችው ነገር የለም፤ አንዴ ራሷ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከኋላዬ ተከትላኝ ነበር። እኔ ከሸማ ተራ በእግሬ እህል በረንዳ ሄድኩ፣ በጤፍ ጆንያ መሀል ተሹለክልኬ ታክሲ ያዝኩ፣ ወርጄ ሌላ ያዝኩ፣ ሦስተኛ ያዝኩ። እሷ ፊቷ ሁሉ ዱቄት ሆኖ ተመለሰች። ሸማኔዬን ያልተናገርኩ ሴት ክኒኔን ለማላውቃት ነርስ የምናገርበት ምክንያት አልታየኝም።

ክኒን ነበረኝ እንግዲህ። የፀጉር ቫይታሚን ነው። ከሶማሌ ተራ፣ ነስሩ ከሚባል የመዋቢያ ዕቃ ነጋዴ ነው የምገዛው። ሰው አይቶ እንዳያውቀው ከዕቃው አውጥቼ የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ገልብጬዋለሁ፣ ቆርቆሮውን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬዋለሁ፣ ነጠላዬን ደግሞ ከላዬ አላወርድም። ይህን ያህል የተጠበቀ ሸቀጥ መርካቶ ውስጥ የለም።

ደሜን ሰጠሁ። በማግሥቱ ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ ፈገግ አለ።

«እማማ፣ ታይሮይድዎ፣ የአንገት ዕጢዎ ማለቴ ነው፣ ኖርማል ነው። ደስ ይበልዎት።»

እማማ ማለቱን ለጊዜው ተውኩት። «ሌላ የለም?» አልኩት።

«ምን ሌላ?»

«ሌላ በሽታ። እስቲ ጓዳ እይልኝ።»

የለም አለ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይላል ሰው በመከራው ላይ መከራ ሲጨመርበት። እኔ ጆሮ ደግፉን እንጂ እንቅርቱን የሚሰጠኝ አጣሁ።

ቤቴ ገብቼ በንዴት ተበጠርኩ፤ ፀጉሬ በእፍኝ ወጣ። በቀን አንድ የምውጠውን ክኒን ሁለት አደረግሁት። ሁለተኛ ክሊኒክ ሄድኩ፤ እዚያም ኖርማል። ክኒኑን አራት አደረግሁት። ሦስተኛው ትልቅ ነው፤ ሊፍት አለው፣ የሊፍቱ መስታወት ሰውን ቀጭን ያሳያል። ሙሉ ምርመራ አድርጉልኝ አልኩ። በሁለት ማኅተም ኖርማል። ክኒኑን ስድስት አደረግሁት። ወረቀቱ ደህና ነሽ ባለኝ ቁጥር ክኒን እጨምራለሁ፣ ክኒን በጨመርኩ ቁጥር ወረቀቱ ይበልጥ ደህና ነሽ ይለኛል። ይህ አዙሪት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ ትጋት መስሎኝ ነበር።

ሙሉነሽ እንባ አቅርራ ተራውን ዞረች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት» ትላለች። «ሦስት ቦታ ታይታ ደህና ናት።» እንደዚህ ያለ ስድብ ሰምቼ አላውቅም። ሰላምታ እንኳ መርዝ ሆነ። ሰው በሬ ላይ አልፎ «ደህና ነሽ?» ሲለኝ ምን መልስ ይሰጣል? ደህና ነኝ ካልኩ ሱቄ ሄደ።

ሱቄን በዓይኔ መሰናበት ጀመርኩ። መደርደሪያው ላይ ባሌ በልጅነቱ በሚስማር የጫረው ስሙ አለ። የሙሉነሽ ምራት መደርደሪያውን አውጥታ መስታወት ልታስገባ አስባለች ሲሉ ሰማሁ። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በእነዚያ ወራት እንቅልፍ ያልወሰደኝ ቀን ያ ብቻ ነው።

ሐጂ ይማም ናቸው ያዘኑልኝ። ስኳር በበዛበት ሻይ አስጠርተው «እህቴ፣ አንድ ሐኪም አለች» አሉኝ። «ልጄን ያዳነቻት። ወላሂ፣ ወረቀት ሳይሆን ሰው ነው የምታየው። እዚያ ሂጂና አራተኛውን አምጪ፤ እሱ የመጨረሻው ነው። የፋሲካ ገበያ ደርሷል፣ ከዚህ ወዲያ እኔም አላዘገየው።»

ሄድኩ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ሳያት ተስፋዬ ግማሽ ሆነ። ሦስቱን ወረቀቶች አነበበችና በጀርባቸው ገልብጣ አስቀመጠቻቸው። ያኔ ወደድኳት። ጥሩ ነጠላ ገዢ እንደዚህ ነው፤ ጥለቱን አይቶ አይገዛም፣ ዘርግቶ ድሩን ማጉን ወደ ብርሃን ይዞ ያያል። ጥለቱማ ለማማር ነው የሚጠለፈው።

ቆዳዬን ነካች። ቅንድቤ ጫፉ መሳሳቱን አየች፤ በየጠዋቱ ኩል እየሞላሁበት ስለምወጣ ማንም አይቶት አያውቅም። አንገቴን ዳበሰች፣ ውኃ አስዋጠችኝ። ወንበር ላይ አንበርክካኝ ቋንጃዬን በትንሽ መዶሻ መታ አደረገችው። እግሬ እንደ መዝለል አለና ለመመለስ የሸማኔ ቀጠሮ ያህል ቆየ።

«እናቴ፣ ወረቀቱ ደህና ነዎት ይላል» አለች። «እርስዎ ግን ደህና አይመስሉኝም።»

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደግ ቃል የተናገረኝ ሰው የለም። ዓይኔ እንባ ሞላ።

ከዚያ ጀርባዬ ላይ ማዳመጫዋን አደረገች። «በረጅሙ ይተንፍሱ።» ተነፈስኩ። ኮሽ አለ። «እንደገና።» ኮሽ፣ ኮሽ።

«ይህ የሳንባ ድምፅ አይደለም» አለች።

ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ወደ ኋላ ተጥሎ ነበር፤ ቋጠሮው ጀርባዬ ላይ ነው። ላወርደው አልፈለግሁም። እሷ በቀስታ ፈታችው። የከረሜላ ቆርቆሮው ወጣ።

«ከረሜላ ነው» አልኩ።

ከፍታ አየችው። «ከረሜላ በቀን ስንት ይወስዳሉ?»

«ስድስት» አልኩ፤ ቃሉ ራሱ አመለጠኝ።

ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ለፀጉር የሚሸጠው ክኒን ባዮቲን የሚባል ነገር በብዛት አለበት። ክኒኑ ለሰው መርዝ አይደለም፤ አንዳንዱ የደም መመርመሪያ ማሽን ግን ያንኑ ባዮቲን እንደ ማጣበቂያ ይጠቀምበታል። ደም ውስጥ ሲትረፈረፍ ማሽኑ ይደናገርና ከፍ ያለውን ዝቅ፣ ዝቅ ያለውን ከፍ አድርጎ ያነባል። የታመመች ሴት ወረቀት ላይ ጤነኛ ትሆናለች።

«ክኒኑ እርስዎን አልጎዳዎትም» አለች። «ማሽኑን ነው ያታለለው።»

ገዢ አታልዬ አውቃለሁ፤ አልክድም። ማሽን ማታለሌን ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ያውም ራሴን ለመጣል።

«ሲጠየቁ ለምን አልተናገሩም?»

«ልጄ፣ አንቺ መርካቶ አላደግሽም» አልኳት።

ሳምንት ሙሉ ክኒን እንዳልነካ፣ ከዚያ ተመልሼ ደም እንድሰጥ አዘዘችኝ። ደግሞም ከአንድ ቁጥር በላይ እንደምታስመረምር ነገረችኝ። አንዱ ቁጥር ከአንጎል ለአንገት ዕጢ የሚላክ ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙን ብቻ አይቶ ሥራው ተሠርቷል ማለት አይቻልም። ሥራውንም፣ የገዛ አካል ዕጢውን እየተዋጋው መሆን አለመሆኑንም ማየት ያስፈልጋል። ለማንኛውም የክኒኑን ዕቃ ያምጡና ምን ያህል ባዮቲን እንዳለበት ልየው አለችኝ።

ዕቃውን ጥዬዋለሁ። ሶማሌ ተራ ነስሩ ጋ ሄድኩ። ሱቁ በሴት ተሞልቷል።

«ነስሩ፣ የዚያን የፀጉር ክኒን ካርቶን ስጠኝ።»

ነስሩ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። «የምን ክኒን እትዬ? ተሳስተው ነው። እኔና እርስዎ አንተዋወቅም።»

በዚህ አልቀየምኩትም። አጥብቄ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ፊት ካየኸኝ አታውቀኝም ብዬዋለሁ። ምስጢር መጠበቁ ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስመሰግነው ነበር።

«ነስሩ፣ ታውቀኛለህ።»

«ወላሂ አላውቅዎትም።»

«እንግዲያው እዚሁ፣ እነዚህ ሴቶች ፊት ሻሼን ፈትቼ፣ ያንተ ክኒን ምን እንዳደረገልኝ ላሳያቸው።»

ካርቶኑ ከመደርደሪያው ሥር እንዴት ቶሎ እንደወጣ አላየሁትም። እየጠቀለለልኝ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። «እትዬ፣ ምን አስከፋዎት? ከእናንተው ከሸማ ተራ ሌላም ትልቅ ሴት ትወስዳለች፤ አንድ ቀን አማርራ አታውቅም።»

«ማን ናት?»

«ብታረድ አልናገርም» አለ። ነጋዴ ነው፤ አከበርኩት።

ያ ሳምንት ረጅም ነበር። በስምንተኛው ቀን ደም ሰጠሁ። ውጤቱን ሐኪሟ ራሷ ጠርታ ነገረችኝ። ትእዛዙ ጣሪያ ነክቷል፣ ሥራው ወለል ላይ ነው፣ የገዛ አካሌም ዕጢዬን እየተዋጋ ነው። የመጨረሻው አላስደነቀኝም። ከተራው ሰው ሁሉ ተጣልቼ ስጨርስ ከአንገቴ ጋር ጀምሬ ኖሯል።

«ታመዋል» አለችኝ። «ግን የሚታከም ነው። በየጠዋቱ በባዶ ሆድ አንድ ክኒን ነው።»

«እልልታ ይቻላል እዚህ?» አልኳት።

አይቻልም አለች። ዝም ብዬ ወጣሁ፤ ግን ፊቴን ያዩ ወረፋ ጠባቂዎች እርስ በርስ «የልጅ ልጅ ተወልዶላቸው ነው» ሲባባሉ ሰማሁ።

ቅዳሜ ረፋድ ሐጂ ሱቅ ተሰበሰብን። ሐጂ፣ ሁለት የተራው ሽማግሌዎች፣ ሙሉነሽ፣ እኔ። አራተኛውን ወረቀት አቀረብኩ። ሙሉነሽ ሦስቱን አነሳች።

«ሦስት ለአንድ ነው» አለች። «ሦስት ምስክር ደህና ናት ሲል አንድ ምስክር ታማለች አለ። የትኛው ይታመናል፣ ሐጂ? በሳምንት ውስጥ እንዴት ታመመች? ገዝታው ይሆናል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሐጂ ጺማቸውን ዳበሱ። «እህቴ፣ ይህ መልስ ይፈልጋል» አሉኝ። «ለምን ተለያየ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። መልሱ ግን ሻሼ ሥር ነው። ወይ ሱቄን አጣለሁ፣ ወይ አርባ ዓመት የጠበቅኩትን ለዚህች ሴት እሰጣታለሁ። ባሌ በሚስማር የጫረው ስም ትዝ አለኝ። ከዚያ ሹሩባዬን በሁለት ጣት ያነሳችበት ቀን ትዝ አለኝ። ሁለቱን እያመዛዘንኩ ብዙ ቆየሁ፤ አንደኛው ሽማግሌ እንቅልፍ የወሰደኝ መስሎት ሳል አለ።

«ፀጉሬ ረግፏል» አልኩ። «ክኒን እወስድ ነበር፤ ለሐኪም ደበቅኩ። ማሽኑን ያሳሳተው እሱ ነው።» ማስረጃ ብለው እንዳይጠይቁኝ ሻሼን ፈታ አድርጌ ግንባሬን አሳየሁና መልሼ አሰርኩት።

የሙሉነሽን ሳቅ ጠበቅኩ። ትከሻዬን አጠንክሬ ነበር የጠበቅኩት። አልመጣም። ቀና ስል እጇ የራሷ ሻሽ ላይ ነው፤ ወደ ቅንድቧ እየሳበችው ነበር።

«የምን ክኒን?» አለች። ድምፅዋ መወፈሩን ልብ ያልኩት ያኔ ነው።

«ለፀጉር የሚሸጠው።»

«ክኒኑን የወሰደ ሰው ሁሉ… ወረቀቱ ደህና ነው ይለዋል?»

«ቢታመምም።»

ሐጂ «እህታችን ትታከም፣ ሱቁም የእሷ ነው» ብለው ሲበይኑ እንኳ አልተከራከረችም። ቀማኛን ሳይሆን ባዶ ወንበርን ያሸነፍኩ መሰለኝ። አርባ ዓመት የተዘጋጀሁበት ጠብ እንደዚህ በዝምታ ማለቁ ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት መጣች። ጋቢ አንስታ ጥለቱን እያየች ቆመች፤ እሷ እንኳ ጥለት አይታ የምትገዛ ሴት አይደለችም።

«ሐኪሟ የት ናት?» አለች።

«ለማን ነው?»

«ለሰው።»

እንዴት ያለ ጣፋጭ ሰዓት ነው። «ነጋዴ ምንጩን አይናገርም፣ እትዬ» አልኳት።

ጋቢውን አስቀምጣ ዞረች። ስትዞር ነጠላዋ ጫፍ ላይ ያለው ቋጠሮ ኮሽ አለ። ክኒኑን ከነዕቃው፣ እንዳለ ነው የቋጠረችው፤ እንደ እኔ እንደማትጠነቀቅ ድሮም አውቃለሁ። ሁለት እርምጃ ሄዳ የበሩን መቃን ይዛ ትንፋሿን ሰበሰበች። ያን ድካም አወቅሁት። ሦስተኛው እጥፋት ላይ የሚመጣው ነው።

በሬ ላይ ወጥቼ ጮክ አልኩ። «ሐጂ፣ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከሐኪሟ ጋር ቀጠሮ አለኝ።»

«ምን ያስጮህሻል፣ ፊት ለፊትሽ ነኝ» አሉ ሐጂ።

«የፀጉር ክኒን የሚወስድ ሰው ሳምንት አስቀድሞ ካላቆመ ማሽኑ ይዋሻል ብላለች። ከሁሉ በፊት ለሐኪም መናገር ነው አለች።»

«ነግረሽኛል እኮ። ሁለቴ ነግረሽኛል። እኔ ደግሞ ራሰ በራ ነኝ።»

ሙሉነሽ ሳትዞር ሱቋ ገባች።

ረቡዕ ጠዋት ከሸማ ተራ ወጣሁ። ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች፣ ሹራብ የደረበች ሴት አየሁ። ዞሬ አላየኋትም፤ የአንድ ሱቅ መስታወት ውስጥ ነው ያየኋት። በእህል በረንዳ በኩል መሹለክ እችል ነበር፤ መንገዱን እግሬ ያውቀዋል። ግን እሷም እንደ እኔ ቶሎ ይደክማታልና ቀስ ብዬ በዋናው መንገድ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እሷ የኋላው ላይ ተቀመጠች። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል «ቆይ፣ ሴትዮዋ ነጠላዋን ታስገባ» አልኩት።

ያን ቀን ታክሲ አልቀየርኩም።